አይችሉህምን ገደልኩት፣ አንባቢ ግን አልቀብርም አለኝ (ክፍል 4ን ያላነበበ አይግባ)

ብርድ_አደር (ክሩን የከፈተ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

እንዴት አመሻችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። በሩን ዘግቼ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፈው። ጣቴ ስለደነዘዘ ፊደል ከገደፍኩ ይቅር በሉኝ።

እዚህ በየሳምንቱ የምለጥፈውን ሳይንሳዊ ልብወለድ ለማታውቁ ባጭሩ ላስገባችሁ። ዘመኑ 2053 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ አይተዋት ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩላት ብርሃን ተመልሳ ትመጣለች። ከኋላዋ ጆፌዎቹ ይወርዳሉ። ብረት ናቸው። ከላይ እያንዣበቡ የሰው ገላ ሙቀት ያያሉ፣ ያዩትን ይለቅማሉ። ከከተማው ዘጠኝ ሰው ይተርፍና በእግሩ ወደ ሸዋሮቢት ይወርዳል። ቆላው ራሱ ስለሚግል እዚያ የሰው ገላ ከድንጋዩ አይለይም። ዕቅዱ ይኸው ነው፤ ሙቀት ውስጥ መደበቅ።

አይችሉህም ከዘጠኙ አንዱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሰው ብዬ አልፈጠርኩትም። ክፍል 4 ላይ እልቂት ፈለግኩ። እልቂቱን የሚጭር ክብሪት ያስፈልገኝ ነበርና እሱን አስገባሁ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ በተቀመጠበት ሰዓት ብድግ ይልና «ዘራፍ!» ይላል። ፉከራውን ሳይጨርስ ጆፌዎቹ በሁለቱም አፍ ይገባሉ። እሱን ጨምሮ አራት ሰው ያልቃል።

ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልእክት ስለሱ ብቻ ሆነ። ግማሹ «ደደብ ነው፣ እንኳን ሞተ» ይላል። ግማሹ «መልሰው» ይላል። አራት ክፍል ሙሉ ስለደከምኩባት ስለ ነርሷ አንድ ሰው እንኳ አልጻፈልኝም! ምን ላድርግ? ልተወው ወይስ ክፍሉን እንደገና ልጻፈው?


ሸዋሮቢት_ሙቀት | 2:21

መጀመሪያ ሸዋሮቢትን መጠጊያ ስላደረግክልን እናመሰግናለን። ስንት ዓመት በሙቀታችን ስትስቁብን ኖራችሁ! አሁን ጋቢህን አውልቀህ ና።

አይችሉህም ግን ደደብ ነው። አለቀ። አትልፋ። ይልቅ ክፍል 5 ላይ ደም ጨምር።


ዝም_አንባቢ | 2:40

ሁለት ዓመት ሳነብ ኖሬ ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

አሜሪካኖቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ስም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው «ስታር ትሬክ» የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ከአለቆቹ ጋር ወደማይታወቅ ምድር የሚወርድ ተራ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ በሕይወት አይመለስም። ተመልካቹ ልብ አለና «ቀይ ሸሚዝ» ማለት ሟች ሆኖ ቀረ። ስሙን ሳታውቀው ይሞታል። አደጋው እውነት መሆኑን እንድታምን ነው የሚሞተው።

ያንተ ቀይ ሸሚዝ ግን ስም አለው። እሱም የማይረሳ ስም። ምናልባት ስህተትህ እዚያ ጋ ይሆን? «አንድ ወጣት» ብለህ ብታልፈው ኖሮ ማንም አይጠይቅህም ነበር።


ፊዚክስ_በጠመኔ | 3:05

ልብወለድ ነው ብዬ ልለፈው አልኩ፣ አልሆነልኝም። የመምህርነት በሽታ ነው።

የሰው ቆዳ 33 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት የሚያወጣው የማይታይ ጨረር የሚበረታው 9 እና 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ሙቀት የሚያይ ካሜራ የሚለቅመው እሱን ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ሆና በሌሊት ብርዷ ሰው እንደ ፋኖስ ቦግ ብሎ ይታያል። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ቀን ላይ አየሩም ግንቡም ከቆዳችን ጋር ይቀራረባል፣ ካሜራው ልዩነት ያጣል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነህ፣ ሙሉ ማርክ።

ጣርማ በር ላይ ግን ወደቅክ። ሐምሌ ነው አላልክም? በሐምሌ እዚያ ያለውን ጉም አንተ ታውቀዋለህ። ጉም የውሃ ጠብታ ነው። ሲወፍር ያንን ጨረርም ይውጠዋል፣ ይበትነዋል። ጆፌዎችህ እዚያ ከኛ ዐይን ብዙ አይሻሉም። ታዲያ ዘጠኙ ሰዎች በጣም ሊፈሩ የሚገባበት ቦታ እሱ ነው ወይስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊተነፍሱ የሚችሉበት?

ደግሞ ባናውን ለምን በውሃ አስነከርካቸው? ከ3 ሺህ ሜትር በላይ፣ በንፋስ፣ እርጥብ ባና ለብሰው! ጆፌ ሳይደርስ ብርዱ ይጨርሳቸዋል። ደረቅ የመንዝ ባና ሲወፍር ከውጭ ይቀዘቅዛል። ያ ለጊዜው ይበቃቸው ነበር።

(ብርሃኗን በሐምሌ 2053 ያደረግከው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በዚያ ወር ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብ ነው አይደል? ያቺ የዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየችው ሃሌይ ናት የሚሉ አሉ። ከሆነ ወድጄልሃለሁ።)


ሸዋሮቢት_ሙቀት | 3:11

ቲቸር፣ በሐምሌ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ኮከብ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ብርሃኗ መጥታ ሄዳ በማግስቱ በዜና ነው የሚሰሙት።


ብርድ_አደር | 3:30

ቲቸር፣ አዎ ለሃሌይ ብዬ ነው። ደመናውን ግን ረስቼዋለሁ፤ በገዛ ሀገሬ! ሳቄ መጣ።

የጉሙ ነገር ከበድ አለብኝ። ጉሙ ከጋረዳቸው ጆፌዎቹ በምን አገኟቸው? በድምፅ መሆኑ ነው። የአይችሉህም ጩኸት እንዲያውም የበለጠ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ በተረፈበት ቦታ እሱ ጮኸ።


አንኮበሬው | 4:02

እኔ ስለ ጆፌ አላውቅም። ልጄ ነው ስልኩ ላይ ያነበበልኝ። ስለ ፉከራ ግን ትንሽ አውቃለሁ።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ከራስ አበበ አረጋይ ሰዎች ጋር በዚህ በኛ ገደላ ገደል አምስቱን ዓመት ቆይተዋል። ልጅ ሆኜ «አያቴ፣ ጣሊያን ሲመጣ ትፎክሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። ፉከራ ከውጊያ በፊት ለወዳጅ ነው፣ ከውጊያ በኋላ ለድግስ ነው፣ ተደብቀህ ሳለ ለጠላት አይደለም አሉኝ። ደፈጣ ላይ ሳል የያዘው ሰው እንኳ ነጠላውን አፉ ውስጥ ይጎሰጉስ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ያንተ ወጣት ፎከረ ስትል እኔ አላመንኩህም። የፉከራን ወግ የሚያውቅ ሰው እንዲያ አያደርግም። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ከየት ሰማው? ማን ፊት ሊፎክር ፈለገ? ፉከራ ሰሚ ይፈልጋል።

ዋሻውም ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው መሆኑን አትርሳ። ጣሊያን በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ዘራፍ ማለት... እሱ እንኳ ደስ ብሎኛል።


ብርድ_አደር | 4:15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ማን ፊት ሊፎክር ፈለገ» ያሉኝን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። መልስ የለኝም። ክብሪት ነው ብዬ ነበርኮ የጻፍኩት፣ ክብሪት ደግሞ ማን ፊት እንደሚነድ አያስብም።


ሦስተኛ_ማርሽ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ነው። አሁን ደብረ ሲና ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ አነበብኩት።

ስለ ጣርማ በር ሃያ ዓመት የማወራው አለኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ረዳት ነበረኝ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭነን ዳገቱን እየወጣን፣ ጉሙ ከመውረዱ ብዛት የራሴ ኮፈን አይታየኝም። ከፊቴ ያለው ተሳቢ ቆመ። እኔም ቆምኩ። በእንዲህ ያለ ዳገት የእጅ ፍሬን ብቻ አይታመንም፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘልና ከኋላ ጎማ ስር ያስገባል። ይሄ ልጅ በሩን ከፍቶ መኪናው ጸጥ ብሎ እስኪቆም ጠበቀ። ከዚያ ወረደ። ትክክል ነው ያደረገው። እንዲያ ነው የሚሠራው።

እኔ ግን በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ፈሪ!» አልኩት። ብርድ ላይ ቸኩዬ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ምሳ ላይ ደግሞ ለሌሎቹ ሾፌሮች አወራሁት። እንዴት በሩን እንደያዘ በእጄ እያሳየሁ። ሁሉም ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከሳምንት በኋላ እዚያው ዳገት ላይ መኪናው ሳይቆም ዘለለ። ታኮውን በእጁ አላስገባም፣ በእግሩ ገፋው። መኪናው ወደኋላ አንድ ስንዝር ተመለሰ። አንድ ስንዝር ብቻ። በረባሶው ጎማው ስር ቀረ። ሁለት ጣቱም።

ተሸክሜ ካቢና ሳስገባው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ጋሼ፣ ታኮው ገብቷል» አለኝ።

ሰው ሲጠይቀኝ «ደፋር ረዳት ነበር፣ ችኩል ነበር» እያልኩ ኖሬያለሁ። እናንተ አይችሉህም ደደብ ነው ስትሉ ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ይኸው ነው።


ዝም_አንባቢ | 1:48

ጋሼ ሦስተኛ...


ቆሎ_ሻጯ | 3:15

ጋሼን ካነበብኩ በኋላ ሥራ ሊገባኝ ስላልቻለ ታሪኩን ከክፍል 1 ጀምሬ ደገምኩት። እኔ ደብረ ሲና ነው ያደግኩት፣ ልጅ ሆኜ አውቶቡስ መስኮት ስር ቆሎ ስሸጥ ነው። ሾፌርና ረዳት ሲሰዳደብ ስሰማ ነው የኖርኩት። ስድቡን ሳይሆን ከስድቡ በኋላ ያለውን ፊት ነው የማስታውሰው።

ብርድ አደር፣ ክፍል 2ን አንተ ራስህ አንብበኸዋል ወይ? በሬሳ ወንዝ ዳር ያለውን? ሻምበሉ «ማነው ወርዶ ውሃ የሚቀዳ?» ይላል። አይችሉህም «ወንዙ ሞልቷል፣ ትንሽ እንጠብቅ» ይላል። ልክ ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል! ሻምበሉ ምን ይለዋል?

«ስምህን ማን ነው ያወጣልህ? አይችሉህም? እኔ ብቻዬን እችልሃለሁ።»

ከዚያ «ሁሉም ሳቀ» ትላለህ። ነርሷም ጭምር። «ነርሷ እንኳ ከብዙ ቀን በኋላ ጥርሷ ታየ» ብለህ ጽፈሃል። ልጁስ ምን አደረገ? አልጻፍክም። ወደ ሚቀጥለው አንቀጽ አለፍክ። ከዚያ በኋላ ክፍል 4 ድረስ አንድ ቃል አይናገርም። ቆጥሬዋለሁ። ከበሬሳ እስከ ጣርማ በር ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። አፉን የከፈተው ዋሻ ውስጥ ነው።

አንተ ክብሪት ፈጠርኩ ትላለህ። ክብሪቱን ያረጠቡትም ያደረቁትም ስምንቱ ናቸው። ጋሼ አንኮበሬው «ማን ፊት ሊፎክር ፈለገ» ላሉት መልሱ ይኸው፤ እነሱ ፊት ነው።


ብርድ_አደር | 3:52

ከፍቼ አየሁት። እንዳልሽው ነው። ስጽፈው ቀልድ ነበር። ሻምበሉን ተጫዋች ላደርገው ፈልጌ፣ የልጁ ስም ለቀልድ ይመቻል ብዬ። እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት።

ዝም ማለቱን አስቤበት አይደለም። ረስቼው ነው ዝም ያለው! ንግግር መስጠት ረስቼ።


ሸዋሮቢት_ሙቀት | 4:05

እሺ ደደብ ያልኩትን አንስቻለሁ። ግማሹን። አራት ሰው አስጨርሷል እኮ ጎበዝ። እኔም በስሜ ሲሳቅብኝ ነው የኖርኩት፣ ከተማ አላስጨረስኩም።


የጓሳ_ልጅ | 5:30

ከመንዝ ነኝ። እንግዳ ይዤ ጓሳ ላይ ስወጣ ስወርድ ነው የምውለው። ከሁላችሁም ልለይ መሰለኝ።

ሁሉን ነገር ስድብ ነው ያመጣው አትበሉ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያላየ አያምንም። ጭላዳዎቹ ሣራቸውን ይነጫሉ፣ እሱ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይሮጥ በመሃላቸው ያልፋል። ይተዉታል። እሱም ግልገላቸውን አይነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። ተመራማሪዎች ቆጥረውት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ፣ በጭላዳ መሃል ሲያድን ግን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል ይላል።

እዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ቀበሮ አለ። አንድ ቀን የጭላዳ ግልገል ያዘ። ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት። ቆይቶ ሊመለስ ሲል አላስገቡትም። ያንን ቀበሮ ማን ሰደበው? ማን ሳቀበት? ማንም። ራበው፣ ግልገሏ አጠገቡ ነበረች፣ በቃ። ለሁሉም የሚበጀውን ስምምነት አፍታ በማትሞላ ጊዜ አፈረሰው።

ችኩልነት እንዲህም አለ። ታሪክ የሌለው። ለልጁ የግድ ቁስል ካልፈለግንለት ይቅር አንለውም ማለት ነው?


ቆሎ_ሻጯ | 5:44

የቀበሮው ነገር ደስ ይላል፣ ግን ቀበሮ ስም አላወጡለትም። «አይችሉህም» የምትል እናት ያለችው ልጅ ነው። እናት እንዲህ ያለ ስም የምታወጣው መቼ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ጎረቤት ሲገፋት ነው። ደጇ ላይ ሰው ሲፎክርባት ነው። ልጁ ሲወለድ መልስ ሆኖ ነው የተወለደው።


የጓሳ_ልጅ | 5:51

ስም ሁሉ ዕጣ ከሆነ ሰፈራችን ውስጥ «ሀብታሙ» የሚባለው ሰው የሁላችንም ባለዕዳ ባልሆነ ነበር።


ቆሎ_ሻጯ | 5:53

ቀልድህን ይዘህ ውረድ። ጥያቄዬን አልመለስክም።


የጓሳ_ልጅ | 5:56

አንቺም የኔን አልመለስሽም፣ እህቴ።


አወያይ | 6:20

ቀበሮውንም እናትየውንም ወድጃቸዋለሁ። ፀቡ ግን ወደ ግል ስም እንዳይሄድ። «ሀብታሙ» የሚባሉ ሦስት አባላት አሉን።


ፊዚክስ_በጠመኔ | 7:02

እኔ በመሃል ልግባ፤ ለሁለታችሁም አላደላም። የጉሙን ነገር ሳሰላስለው ዋልኩ።

ከዋሻው አፍ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? በክረምት? እጅህን ብትዘረጋ ጣትህን አታየውም። ማንም አያየኝም የሚል ስሜት ይመጣል። ተማሪዎቼ መብራት ሲጠፋ የሚሆኑትን አውቃለሁ፤ ሙሉ ዓመት ድምፁን ሰምቼ የማላውቀው ልጅ ጨለማ ውስጥ ያፏጫል። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ታገኘዋለህ።

ዋሻው ደግሞ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግድግዳው ደረቅ አለት ስለሆነ ድምፅ አይውጥም፣ ይመልሳል። አፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ የተናገረ ሰው የራሱን ድምፅ ወፍሮ ይሰማዋል። ይሄን ተጠቀምበት፤ እኔ ብቻዬን ይዤው ልቀር አይገባም።


ሦስተኛ_ማርሽ | 7:15

ቲቸር ያለችው እውነት ነው። ሾፌር ሁሉ ዋሻው ውስጥ ክላክስ የሚነፋው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ደስ ስለሚል ነው።


ብርድ_አደር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5:40

ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። እልቂቱን አልቀየርኩም፤ አራቱ ይሞታሉ፣ እሱም ይሞታል። ጆፌዎቹ አሁን ጆሮ አላቸው (ቲቸር፣ እርጥቡን ባናም አድርቄዋለሁ)። ሁለት ነገር ብቻ ነው የጨመርኩት። በሬሳ ዳር «ሁሉም ሳቀ» ካልኩ በኋላ «አይችሉህምም አብሮ ሳቀ» የሚል አስገባሁ። ጋሼ ሦስተኛ፣ ከእርስዎ ነው የሰረቅኩት፣ ካልፈቀዱ አወጣዋለሁ። ሌላው የዋሻው ነው። ይኸው፦

ሻምበሉ በጆሯቸው ነው የተናገረው። አንድ ሰው አፉ ድረስ ሄዶ ያዳምጥ አለ። ማንም አልተነሳም። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል። ነርሷ ጫማዋን ታያለች። ሽማግሌው ቆሎ አፋቸው ውስጥ ይዘው እንዳይቆረጥም በምራቅ ያሟሟሉ። ከዚያ አንዱ ቀና አለና አይችሉህምን አየው። ሌላውም አየው። የአንዳቸው ከንፈር ጥግ ትንሽ ተነሳ፤ ሳቅ ሳይሆን የሳቅ መጀመሪያ።

አይችሉህም ተነሳ።

ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ሄደ። አለቱ ይበርዳል። አፉ ጋ ሲደርስ ጉሙ ፊቱ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጠፈበት። እጁን ዘረጋ፣ እጁ የለም። ወደ ኋላ ዞረ፣ ስምንቱም የሉም። ጆፌም የለም። ከደብረ ብርሃን ከወጡ ጀምሮ ማንም ሳያየው የቆመበት የመጀመሪያው ቦታ ይሄ ነው።

«ዘራፍ» አለ። በሹክሹክታ ነው።

ዋሻው ወፍራም አድርጎ መለሰለት። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው፣ የትልቅ ሰው። ሊመልስለት ወደደ።


አንኮበሬው | 6:10

አሁን አመንኩህ። ፉከራ ተቀባይ አገኘ። ዋሻው ነው የተቀበለው።


የጓሳ_ልጅ | 6:18

ሊመልስለት ወደደ... እሺ፣ ይሄኛው ቁስልም ነው ረሃብም ነው። ግማሹን ለኔ ውሰዱልኝ። ቆሎ ሻጯ፣ እርቅ?


ቆሎ_ሻጯ | 6:25

ግማሽ እርቅ። ቆሎውን ግን አስተካክል ብርድ አደር። የደብረ ሲና ቆሎ በምራቅ አይሟሟም። ገብስ ነው፣ በደንብ የታመሰ። ሽማግሌው ጥርስ ከሌላቸው ሽምብራውን ለቅመው ለልጅ ይሰጣሉ እንጂ አያሟሟሉም።


ሸዋሮቢት_ሙቀት | 6:31

አራት ሰው እየሞተ የእናንተ ጭንቀት ቆሎ ነው። ክፍል 5 መቼ ነው?


ሦስተኛ_ማርሽ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:05

ውሰደው ልጄ፣ ፈቅጃለሁ።

ያ ረዳቴ አሁን ትንሽ ሱቅ አለው። ጎማ ይለጥፋል፣ ካርድ ይሸጣል። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ቆምኩና ያቺን የጻፍካትን አነበብኩለት። ምንም ሳልነግረው ነው፤ እንዲሁ «ታሪክ ስማ» ብዬ። ጎማውን ይዞ ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጁ ምን ተጫምቶ ነበር?» አለኝ።

የማውቀው ነገር የለም። ምን ልበለው?


ብርድ_አደር | 2:30

አራቱንም ክፍሎች ከፍቼ ፈለግኩ። የነርሷን ጫማ ጽፌያለሁ፣ የሻምበሉን ቡት ሁለት ቦታ ጽፌያለሁ። የእሱን አልጻፍኩም።

ጋሼ፣ በባዶ እግሩ ነው እስከ ጣርማ በር ያመጣሁት።